አጥንት ሕይወት አለው፦ ስለ አፅማችን ጥቂት እንማማር



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ተደጋግሞብኛል። «ዶክተር፣ እናታችን 64 ዓመቷ ነው። ስኳርም ግፊትም የለባትም። ሽንት ቤት ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከፎቅ አልወደቀች፣ መኪና አልገጫት፣ እንዴት ይሰበራል?» የሚል ነው። ሰው ይለያያል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ አጥንቱ የተሰበረው ያን ቀን ነው፤ መሳሳት የጀመረው ግን ከ15 ዓመት በፊት ነው። ሲሳሳ ስለማያምም ማንም አላወቀም። ረጅሙን መልስ ለመረዳት አጥንት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚጠነክር ማወቅ ያስፈልጋል። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አጥንት ምሰሶ ብቻ ነው?

ሰውነታችንን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው አፅም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ ግን ወደ 270 ገደማ ነው ያሉት፤ ሲያድግ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። ረጅሙ የጭን አጥንት ነው። ትንሿ ደግሞ ጆሯችን ውስጥ ያለች፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን አጥንት ናት። ከ206ቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 106ቱ የሚገኙት በመዳፍና በእግር ጫፍ ነው፦ ከእጅ አንጓ ጀምሮ እስከ ጣት 27፣ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ጣት 26፣ ይሄ በእያንዳንዱ በኩል ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ፣ በየእርምጃው መሬቱን የተቀበሉለት እነዚህ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው።

አጥንት ግን ከመሸከም ውጭ ሌላም ሥራ አለው። የራስ ቅል አንጎልን፣ የጎድን አጥንቶች ልብንና ሳንባን ይጠብቃሉ። በውስጡ ያለው መቅኒ ደግሞ የደም ፋብሪካ ነው፤ በቀን ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሴሎችን ያመርታል።

ለዛሬው ርዕሳችን ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። አጥንት የካልሲየም ባንክ ነው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተቀመጠው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። የቀረችው 1 በመቶ ናት በደምና በሌላው ክፍል ውስጥ ያለችው፤ ነገር ግን ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በእሷ ነው። ስለዚህ ሰውነታችን የደም ካልሲየም እንዲቀንስ በጭራሽ አይፈቅድም። በምግብ ካልገባለት ከባንኩ ያወጣል። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያወጣል። የደም ምርመራችሁ «ካልሲየም ኖርማል ነው» ሊል ይችላል፤ አጥንታችሁ ግን እየተራቆተ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል።

በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይገነባል

አጥንትን የምናውቀው ከበግ ቅልጥም ስለሆነ የደረቀና የሞተ ነገር ይመስለናል። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ግን ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ አለው፣ ሲሰበር ይደማል፣ ራሱንም ይጠግናል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት አፍራሾች ናቸው፤ ያረጀውን፣ የተሰነጣጠቀውን አጥንት ቆፍረው ያነሳሉ። ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ደግሞ ግንበኞች ናቸው፤ የተቆፈረውን በአዲስ ይሞላሉ። በአዋቂ ሰው በዓመት 10 በመቶ የሚሆነው አጥንት በዚህ መንገድ ይታደሳል። እንግዲህ ከ10 ዓመት በፊት የነበራችሁ አፅምና የዛሬው አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ታዲያ ግንበኞቹ የት ላይ መገንባት እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? ጭነት ባለበት ነው። ይሄን በዘመኑ በግልጽ የጻፈው ጁልየስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። አጥንት የሚሸከመውን ጭነት እያየ ቅርጹንና ጥንካሬውን ያስተካክላል አለ። ዛሬ በሁለት ቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ለብዙ ዓመት ቴኒስ የተጫወተ ሰው ራኬት የሚይዝበት ክንድ አጥንት ከሌላው ይወፍራል። ሁለተኛው የጠፈርተኞች ነው። በጠፈር ላይ ክብደት ስለሌለ እግራቸው ምንም አይሸከምም፤ ስፖርት ባይሠሩ ኖሮ ከዳሌና ከአከርካሪ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣሉ። እነዚህ ተመርጠው የሄዱ፣ ወጣትና ጤነኛ ሰዎች ናቸው! አልጋ ላይ ለሳምንታት የሚተኛ ሕመምተኛ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ማታውን ሶፋ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ደግሞ ነገሩ ቀስ ይበል እንጂ አቅጣጫው ያው ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ከልጅነት እስከ 20ዎቹ መጨረሻ ድረስ ግንበኞቹ ከአፍራሾቹ ይበልጣሉ፤ አጥንት ይከማቻል። ወደ 30 ዓመት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ አፍራሾቹ ያጋድላል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቋረጥ፣ ማለትም ሲያርጡ፣ አፍራሾቹን ሲቆጣጠር የኖረው ኤስትሮጅን ይወርድና መፍረሱ ይፈጥናል፤ ካረጡ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን አጥንት ሊያጡ ይችላሉ። ይሄ ነው የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ የምንለው። ወንዶችንም ይይዛል፤ ግን ዘግየት ብሎ ነው።

ምን ዓይነት እንቅስቃሴ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ዋናና ብስክሌት ለልብና ለሳንባ በጣም ጥሩ ናቸው፤ ለአጥንት ግን ያን ያህል አይደሉም። ምክንያቱም ውሃው ወይም ኮርቻው ነው የሚሸከማችሁ። አጥንት የሚፈልገው እግራችሁ የራሳችሁን ክብደት ተሸክሞ መሬት የሚረግጥበትን፣ ጡንቻ አጥንቱን የሚስብበትን እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሶምሶማ፣ ገመድ ዝላይ፣ ጭፈራ፣ ክብደት ማንሳት እነዚህ ናቸው። ጂም የግድ አይደለም። ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለቱም እጅ ይዞ ወደ ላይ ማንሳት ክብደት ማንሳት ነው። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ለጭንና ለዳሌ ጥሩ ስፖርት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ ነው። 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ይጨመራል። ሚዛን የምለው ለምሳሌ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ መቆም ነው። ለአረጋውያን ይሄ ከምንም በላይ ይጠቅማል፤ ያልወደቀ ዳሌ አይሰበርማ!

በነገራችን ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። አጥንት የሚከማችበት ዕድሜ የልጅነትና የጉርምስና ዕድሜ ነው። ልጃችሁ ግቢ ውስጥ ሲዘል፣ ሲሮጥ፣ ኳስ ሲጫወት «አርፈህ ተቀመጥ» ብላችሁ ስልክ ስትሰጡት ከዛ ባንክ እየቀነሳችሁበት ነው። ሴት ልጆቻችንን ደግሞ ከወንዶቹ ቀድመን ነው ከጨዋታ የምናስቀራቸው፤ በኋላ በማረጥ ዕድሜ ብዙ አጥንት የሚያጡት ግን እነሱ ናቸው።

ጭነት ጥሩ ነው ስላልኩ ደግሞ 50 ኪሎ ጤፍ ብድግ እንዳታደርጉ። ወገብን አጉብጦ ከባድ ነገር ማንሳት የሚጎዳው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ ነው። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፣ በእግራችሁ ኃይል ተነሱ። የአጥንት መሳሳት እንዳለባችሁ የተነገራችሁ ከሆነ ደግሞ ዝላይና ወደ ፊት ማጎንበስ ያለበትን ስፖርት ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ቅልጥም መብላት አጥንት ያጠነክራል?

ይሄ የማይቀር ጥያቄ ስለሆነ ቶሎ ልመልሰው። ቅልጥም ይጣፍጣል፣ ኃይልም ይሰጣል። ነገር ግን መቅኒው በአብዛኛው ስብ ነው፤ የአጥንት መረቅም ውስጥ ያለው ካልሲየም ጥቂት ነው፤ ካልሲየሙ አጥንቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ለተሰበረ ሰው ቅልጥም ይዛችሁ መሄዳችሁን አልቃወምም፣ ፍቅር ነው። ግን ወተትና ጎመንም ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ አዋቂ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 1200። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ገደማ ይሰጣል። አይብ ግን እንደምናስበው አይደለም፤ አሬራው ሲነጠር ካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ጤፍ ከነጭ የስንዴ ዱቄት በብዙ እጥፍ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነታችን የተሻለ ያገኘዋል። ጎመን በጣም ጥሩ ነው። ቆስጣ ቅጠሉ ቢመሳሰልም ካልሲየሙ ከኦክሳሌት ጋር ስለሚጣበቅ አብዛኛው ሳይጠቅመን ይወጣል። በጾም ወቅት ወተት ስለሚቀር ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ባቄላና ሽምብራ በየቀኑ ከገበታ አይጥፉ። አጥንት ከካልሲየም ሌላ ፕሮቲንም ይፈልጋል፤ በአጥንቱ ውስጥ ካልሲየሙ የሚጣበቅበት መረብ የተሠራው ከፕሮቲን ነው። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ሻይና ዳቦ ይበቃኛል» የሚሉ እናቶችና አባቶች ያሳስቡኛል።

የካልሲየም እንክብልን ግን ከፋርማሲ በራሳችሁ እየገዛችሁ አትዋጡ። በተለይ የኩላሊት ጠጠር ኖሮባችሁ የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ተመርመሩ።

በ13 ወር ፀሐይ አገር የፀሐይ እጥረት

የበላነው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቫይታሚን ዲ ሲኖር ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ በዋነኛነት የሚሠራው ቆዳችን ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ነው። እኛ ፀሐይ ሞልቶን ሳለ ልጆቻችን በሪኬትስ ይታመማሉ፤ ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። «ምች ይመታዋል»፣ «ሰው ዓይን ይገባዋል» እየተባለ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይከርማል። የእናት ጡት ወተት ምትክ የለውም፤ ቫይታሚን ዲ ግን በውስጡ ጥቂት ነው። አጥንቱ ሳይጠነክር ይቀራል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ መቆምና መሄድ ያቅተዋል፣ የእጅ አንጓው ያብጣል።

ጉዳቱ እግር መጉበጥ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀንሰው ሲሰላ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ለምን መሰላችሁ? ሕፃኑ የሚተነፍሰው የጎድን አጥንቶቹ ጠንክረው ደረቱን ስለሚይዙለት ነው፤ አጥንቶቹ ከለሰለሱ አየር በደንብ መሳብ፣ አክታውንም በሳል ማውጣት ያቅተዋል። ምች ፈርተን ከፀሐይ የደበቅነው ልጅ በሳንባ ምች ይያዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ሕፃኑን በየቀኑ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ቅባትም ሳትቀቡት ፀሐይ አሙቁት፤ ዓይኑን ብቻ ከልሉለት። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይሠራም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገንን ጨረር ያስቀረዋል።

ይሄ ለአዋቂም ይሠራል። በዓረብ አገራት ቤት ውስጥ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ፀሐይ ውጭ ይፋጃል፣ እናንተ ግን ለወራት ላታገኙት ትችላላችሁ። በስዊድን፣ በካናዳ፣ በሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ፀሐዩ ቢወጣም ጨረሩ ደካማ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። አጥንትና ጡንቻችሁን በጠቅላላው የሚያማችሁ ከሆነ፣ ደረጃ መውጣት ከከበዳችሁ፣ የቫይታሚን ዲ ምርመራ እንዲሠራላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሲሰበርስ?

ስለ ወጌሻ ሳላነሳ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ወጌሾቻችን ብዙ ሰው ረድተዋል፤ ሐኪም ቤት በሌለበት አካባቢ ሌላ ማን አለ? ችግሩ ያለው እሰሩ ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ስለሌለው የደም ሥሩን ይጫነዋል፤ ደም ይቋረጣል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓት ገደማ ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ክንዱ ስንጥቅ ያለበት፣ በትንሽ ጄሶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይድን የነበረ ልጅ እጁን ያጣል። ይሄ መከላከል የሚቻል ነገር ነው፤ በጉራጌ አካባቢ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ በእንዲህ ዓይነት ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱ ታትሞ ወጥቷል።

ስለዚህ ሰው ሲሰበርባችሁ አትሹት፣ አትጎትቱት፣ የወጣ አጥንት ካለ ወደ ውስጥ አትመልሱ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ከተሰበረው በላይና በታች ያለው መገጣጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ በካርቶን ወይም በእንጨት፣ ጨርቅ ደርባችሁ፣ ላላ አድርጋችሁ ደግፉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ጣቶቹን ግን አትሸፍኑ፤ እነሱ ናቸው የሚነግሯችሁ። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ጣቱን ቀጥ ስታደርጉት የሚያስጮህ ሕመም ካለ እሰሩን ያኔውኑ ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወጌሻ ያሰረውም ይሁን እኛ ጄሶ ያደረግነው ለውጥ የለውም፤ ጄሶም ሊጠብቅ ይችላል።

አረጋዊ ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዳሌ ተሰብሯል ብላችሁ አስቡ። «ትንሽ ትተኛና ይሻላታል» አይሠራም። አልጋ ላይ መቆየት የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የጀርባ ቁስል ያመጣል። በተለያዩ አገራት በተሠሩ ጥናቶች ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከ5ቱ 1 ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ፣ ሕመምተኛዋም ወዲያው በድጋፍ ቆማ መራመድ ብትጀምር ዕድሏ ይሻሻላል። ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ዘመድ ስንጠብቅ የሚያልፉት ቀናት ውድ ናቸው። ገና ላልወደቁት ደግሞ ዛሬውኑ የሽንት ቤቱን ሴራሚክ እዩት፤ የማያዳልጥ ምንጣፍ፣ የሚያዝ ብረት፣ ሌሊት የሚበራ አምፖል፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አዘጋጁላቸው።

መቼ እንመርመር?

ከ50 ዓመት በኋላ በቀላል አወዳደቅ አጥንት ተሰብሮባችሁ ከሆነ፣ ቁመታችሁ እያጠረ ወይም ጀርባችሁ እየጎበጠ ከሆነ፣ ከ45 ዓመት በፊት ካረጣችሁ፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከነበረ የአጥንት መሳሳትን አስቡና ሐኪም አማክሩ። ሲጋራና ብዙ አልኮል አጥንት ያሳሳሉ። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶች ለወራት ሲወሰዱም እንዲሁ፤ ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም የታዘዘላችሁ በድንገት አታቋርጡት፣ ስለ አጥንታችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለመወፈር ብላችሁ ያለ ትእዛዝ የምትወስዱት ግን በራሳችሁም በድንገት ሳታቆሙ ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ ቀስ በቀስ እንድታቋርጡት እለምናችኋለሁ።

የጀርባ ሕመም ከማታ ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የአጥንት መሳሳት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ እዚህ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፣ ከዘገየ እግር ያሽመደምዳል። እሱን በሚቀጥለው ለብቻው እንጽፍበታለን፤ ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።